ሩዝ ይጠጣል፣ አበባ ጎመን ይተፋል

(አዲስ አበባ ውስጥ የስኳር ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው በተገናኙበት የእሑድ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ? እግዚአብሔር ይመስገን። በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፤ ከፊት ባዶ ወንበር አለ። ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

ከእኔ በፊት ዶክተሩ ስለ ቆሽት፣ ስለ ኢንሱሊን፣ ስለ ዓይንና ስለ እግር ቁስል በደንብ ነግረዋችኋል። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም። ምግብ አብሳይ ነኝ። ጅዳ ሰው ቤት ብዙ ዓመት አብስያለሁ፤ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ እዚሁ ከተማ ለድግስና ለቢሮ ምሳ አበስላለሁ። ስለዚህ ስለ ቆሽት ብትጠይቁኝ ወደ እሳቸው ነው የምጠቁማችሁ። ስለ ድስት ግን እንደ ልባችሁ ጠይቁኝ።

«ስለ ሩዝ ምትክ ትናገራለች» ተብሎ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። እውነት ነው፣ እኛ እንጀራ በላተኞች ነን። ሩዝ የእኛ ጉዳይ ነው እንዴ? እስቲ እጅ እናውጣ። በዚህ ሳምንት ሩዝ የበላ? … ጥቂት ናችሁ። እጃችሁን አውርዱ። አሁን ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት ከሱቅ የተገዛ እንጀራ የበላ? (ሳቅ) አያችሁ፣ አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። የሳቃችሁት ገብቷችኋል ማለት ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሩዙ የት እንዳለ እንፈልገዋለን። ሁለተኛ፣ ገበታ ላይ ምን ሥራ እንደሚሠራ እናያለን። ሦስተኛ፣ ያንን ሥራ ማን ሊረከበው እንደሚችል እንነጋገራለን። ሦስተኛውን በአፍ ብቻ አልተወውም፤ ጥግ ላይ ምድጃ አለ፣ ሲያልቅ ወደዚያ እንሄዳለን።

አንደኛው። ሩዙ የት ነው?

ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ሁሉ ሩዝ አለበት አልልም። ንጹሕ ጤፍ የሚጋግሩ ሰዎች አሉ፤ አውቃቸዋለሁ፣ እገዛቸዋለሁም። ግን የጤፍን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። ጋጋሪዋ ኪሎውን በዚያ ዋጋ ገዝታ፣ አስፈጭታ፣ የመብራትና የቤት ኪራይ ከፍላ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። ሩዝ ይረክሳል፤ እንጀራውንም ያነጣዋል። ስለዚህ ይደባለቃል። እኔ በእሷ አልፈርድም። የምለው፣ ስኳር ያለባችሁ ሰዎች ጠይቁ ነው። «ምን ምን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንበኛ ከሆናችሁ እውነቱን ትነግራችኋለች። የማትነግራችሁን ደግሞ ተዉአት።

በነገራችን ላይ ሩዙን እንደ ባዕድ አትዩት። ጣና ዳር፣ ወረታ ዙሪያ ያለውን የፎገራ ሜዳ ያያችሁ አላችሁ? ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አለማመዱበት፤ ዛሬም ድረስ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት የሩዝ አገር ሆነ። እዚያ ገበሬው ከሩዝ እንጀራ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ገለባውን ለከብት ይሰጣል። ስንት ቤት የቆመው በሩዝ ነው! ስለዚህ «ሩዝ መርዝ ነው» የሚል ሰው ስትሰሙ አትስሙት። ሩዝ መርዝ አይደለም። ስታርች ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጥ። እሱን ማስተናገድ የከበደው የእናንተ ሰውነት ነው፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነው።

አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር፤ እናቶች አትቀየሙኝ። «እሺ፣ ሩዙን ትቼ ንጹሕ ጤፍ እበላለሁ» የምትሉ አላችሁ። መቶ ግራም ደረቅ የሩዝ ዱቄት ውስጥ 80 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥስ? 73 ግራም ገደማ። ዝም አላችሁ! (ሳቅ) ጤፍ ይሻላል፤ እሱን አልክድም። ፋይበሩ፣ ማለትም የማይፈጨውና ወደ ስኳር የማይለወጠው ክፍል፣ 8 ግራም ገደማ ነው፣ የነጭ ሩዝ ግን አንድ ግራም ቢሞላ ነው። ፕሮቲኑም ይበልጣል። ነገር ግን ጤፍ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት አይደለም። ሦስት እንጀራ አጥፎ የበላ ሰው «እኔ እኮ ሩዝ አልነካም» ቢል የስኳር መለኪያው አይሰማውም።

ሩዝ ያለበት ሌላ ቦታ የልጆች ምሳ ዕቃ ነው። ልጅ የተወውን እናት ትጨርሳለች። እሱን ማን ይቆጥራል? ማንም። ሌላው ጾም ነው። ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ቤት ውስጥ ምን ይቀራል? ሩዝ በአትክልት፣ መኮሮኒ፣ ድንች፣ እንጀራ። የጾም ሳህን ላይ አንድ ነገር በአራት ስም ይቀመጣል። በጾም ወራት ስኳሬ ከፍ አለ የምትሉ ሰዎች፣ ሳህናችሁን በዚህ ዓይን እዩልኝ።

ይህን በዚህ ልተወው። ሁለተኛውን ነው በደንብ ማስረዳት የምፈልገው።

ጅዳ የነበርኩበት ቤት ትልቅ ቤተሰብ ነበር። ምሳ ከብሳ ነው፤ በዶሮ ወይም በሥጋ መረቅ የሚበስል ሩዝ። ዛሬም ከብሳ፣ ነገም ከብሳ፤ እንግዳ ሲመጣ መንዲ፣ እሱም ሩዝ በሥጋ ነው። ጓዳው ውስጥ የባስማቲ ጆንያ ተደርድሯል። አሮጊቷን «ማማ ከቢራ» ነበር የምንላቸው፤ ትልቋ እናት። ስኳር ነበረባቸው። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ልጃቸው፣ ማዳም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለማማ ሩዝ የለም» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። እና ምን ልስጣቸው? «ዶሮና ሰላጣ።»

ዶሮና ሰላጣ አቀረብኩ። ማማ ከቢራ አዩት። ዶሮውን በሉ፤ ሰላጣውንም ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው «ምሳው መቼ ነው?» አሉኝ።

እስቲ አስቡት። እናንተስ እንጀራ የሌለው ወጥ ቢቀርብላችሁ ምን ትላላችሁ? ሆዱ ሳይሞላ ቀርቶ አይደለም ሰው እንዲህ የሚለው። መረቁ የሚፈስበት ነገር የለም። ጉርሻው የሚያርፍበት ነገር የለም። ያኔ ነው ነገሩን ከድስቱ በኩል ማየት የጀመርኩት።

ማዳም ግን ነገሩን በገበያ ልትፈታው ሞከረች። ቡናማ ሩዝ ገዝታ መጣች። ቀጥላ ቡርጉል። ቀጥላ ጀሪሽ፣ የተከካ ስንዴ ነው፣ የእኛን ቅንጬ ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ኪኑዋ የሚባል ውድ ነገር በትንሽ ከረጢት። «ይህ ጤናማ ነው» ትለኛለች። ጤናማስ ጤናማ ነው። ግን ስሙልኝ፤ ቁጥሮቹን የምነግራችሁ በበሰለ መቶ ግራም ነው። ነጭ ሩዝ 28 ግራም ካርቦሃይድሬት። ቡናማው 25 ገደማ። ኪኑዋ 21። ቡርጉል 19 ገደማ። የተቀቀለ ድንች 20። ፓስታ 30! ከሩዝ ወደ ፓስታ የሸሻችሁ ተመለሱ። (ሳቅ) አበባ ጎመን ደግሞ 5።

አምስት! ሦስት መቶ ግራም ሩዝ የሚበላ ሰው፣ ያ ደግሞ በከብሳ ቤት ብዙ አይባልም፣ 84 ግራም ካርቦሃይድሬት ወሰደ። ያንኑ ያህል አበባ ጎመን የበላ 15። ቡናማ ሩዝና ኪኑዋ ስኳር ለሌለበት ሰው፣ ወይም በልክ ለሚበላ፣ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ፋይበርም አላቸው። ግን «የሩዝ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ምትክ» ተብለው ሲሸጡ ዋጋቸው እንጂ ካርቦሃይድሬታቸው ብዙ አልተለወጠም። የእኛን ቡላም እዚህ ላይ ጨምሩት። ቡላ ስታርች ነው፤ የእንሰት መሆኑ አይለውጠውም። ጉራጌዎቹ እናቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በ2020 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። በ21 አገሮች ከ130 ሺህ በላይ ሰው የተከታተለ። በቀን 450 ግራምና ከዚያ በላይ የበሰለ ነጭ ሩዝ የሚበሉ ሰዎች፣ ከ150 ግራም በታች ከሚበሉት ይልቅ ስኳር የመያዝ ዕድላቸው 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ከሁሉም የባሰው ደቡብ እስያ ላይ ነው። 450 ግራም ብዙ ይመስላችኋል? ከብሳ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ ሳይታወቅ ነው የሚያልቀው።

«ሩዙን ደጋግሜ ካጠብኩት፣ የፈላበትን ውሃ ከደፋሁት ስኳሩ ይወጣል» የምትሉም አላችሁ። ከላዩ ላይ ያለው ዱቄት ይወጣል። ፍሬው ራሱ ስታርች ነው፤ እሱ እንዴት ይወጣል? ባስማቲ ከሚጣበቀው ሩዝ ይልቅ ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው ከፍ የሚያደርገው፤ የስታርቹ ዓይነት ስለሚለይ ነው። መጠኑ ግን ያው ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሩዝ ገበታ ላይ ምን ይሠራል? እኔ አራት ሥራ ቆጥሬበታለሁ። መረቅ ይጠጣል። ሆድ ይሞላል። የራሱ ጣዕም ስለሌለው የሌላውን ጣዕም ይሸከማል። ይረክሳል። አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚሠራ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ያለው ነገር አላገኘሁም። የለም። «ይህ ልክ እንደ ሩዝ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑት። ምትክ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ «ዛሬ ለዚህ ወጥ የሩዝ የትኛው ሥራ ነው የሚያስፈልገኝ?» የሚለውን ነው። መረቅ የሚይዝ ነው የምፈልገው? ወይስ ሆድ የሚይዝ? መልሱ ይለያያል፤ ምትኩም ይለያያል።

አሁን ሦስተኛው። ከአበባ ጎመን ልጀምር፤ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው።

አበባ ጎመንን ፈቅፍቀው እንደ ሩዝ የሚሠሩት ብዙ ሰዎች አንድ ጊዜ ሞክረው ይተዉታል። ለምን? ውሃ ውሃ ይላል፤ ይሸታል፤ ይላቁጣል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ እንደ ሩዝ ስለሚያበስሉት ነው። ሩዝ ይጠጣል፣ አበባ ጎመን ይተፋል። ሩዝ ደረቅ ገብቶ እርጥብ ይወጣል። አበባ ጎመን እርጥብ ገብቶ፣ ከቻላችሁ፣ ደረቅ መውጣት አለበት። ሥራው ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

እንዴት? አበባውን ከመፈቅፈቅ በፊት እጠቡት፤ ከፈቀፈቃችሁት በኋላ ውሃ አታስነኩት። ከታጠበ በኋላ በፎጣ አድርቁት። በካሮት መፈቅፈቂያው ትልቅ ቀዳዳ ፈቅፍቁት፤ ግንዱንም አትጣሉ። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ጭመቁት። ሰፊ መጥበሻ በደንብ ይጋል። ትንሽ ዘይት። ሳትከምሩ በስሱ በትኑት፤ ከበዛ በሁለት ዙር ሥሩት። አትክደኑት! የከደነ ሰው ቀቀለው ማለት ነው። አራት አምስት ደቂቃ ብቻ። ጨው መጨረሻ ላይ፤ ጨው ቀድሞ ከገባ ውሃውን ያስለቅሰዋል። የሚሸተው ደግሞ ብዙ ሲበስል ነው፤ ጎመን ሁሉ እንዲያ ነው።

ለከብሳው እንዲህ አደረግኩ። ዶሮውን በሄል፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በቁንዶ በርበሬና በደረቅ ሎሚ ቀቀልኩት። በተለመደው ከብሳ ሩዙ በዚያ መረቅ ውስጥ ነው የሚበስለው፤ መረቁን ጠጥቶ ነው የሚጣፍጠው። አበባ ጎመን አይጠጣም ብያችኋለሁ። ስለዚህ መረቁን ለብቻው አውጥቼ እሳት ላይ ትቼ፣ እየተንተከተከ እየቀነሰ፣ ማንኪያ ላይ እስኪይዝ ድረስ አወፈርኩት። ከዚያ ደረቁን አበባ ጎመን በዚያ አሸሁት። ጣዕሙ ውስጡ ካልገባ ላዩን ይልበስ። የተጠበሰ ሽንኩርትና ለውዝ ከላይ። ማማ ከቢራ በሉ። «ሩዝ አይደለም» አሉ። ከዚያ ጨመሩ። እኔም ያን ቀን የፈለግኩት «ሩዝ ነው» እንዲሉኝ አልነበረም፤ እንዲጨምሩ ነው።

ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ይህን በደንብ ስሙኝ፤ ከምግቡ ሁሉ ይበልጣል። ማማ ከቢራ የሚውጡት ኪኒን ነበር፤ ስኳር የሚያወርድ። ሩዙ ሲቀር ለሐኪሙ የነገረ ሰው የለም። ኪኒኑ በሩዙ ልክ የታዘዘ፣ ሩዙ ግን የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ ሲያጠምቃቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግራቸው ሲምታታ ደረስኩባቸው። ስኳራቸው ሲለካ ከ60 በታች ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናቸው፤ ተመለሱ። እኛ ባንኖርስ?

ስለዚህ አደራ! ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትውጡ፣ ወይም የኪኒናችሁን ስም የማታውቁ፣ ሩዝና እንጀራ ከመቀነሳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። በፊት! ካደረጋችሁት በኋላ አይደለም። መድኃኒቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ጾም የምትጾሙም ያው ነው። ስኳራችሁ ከ70 በታች ከወረደ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፤ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። ቤተሰብ የሆናችሁ፣ ይህን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። እያያችሁኝ ነው፤ ጻፉት። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የምትወስዱም ጎመንና ቅጠላ ቅጠል በድንገት አታብዙ፤ ጠይቁ። ኩላሊት ያለባችሁም እንዲሁ።

እሺ፣ ተመልሰናል።

አሁን የግሌን ሐሳብ ልናገር። ለእኛ አገር አበባ ጎመን አይደለም ዋናው ምትክ። ሁሌ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው፣ ግማሹ ቅጠል ሆኖ ይቀራል። እኔ የማምነው ጥቅል ጎመንን ነው። ዘራቸው እኮ አንድ ነው፤ ካርቦሃይድሬቱም ተቀራራቢ ነው፣ መቶ ግራሙ 6 ገደማ። አትክልት ተራ ብትሄዱ፣ ጉሊት ብትወርዱ፣ ማዶ ሱቅ ብትሉ ጥቅል ጎመን አለ። ያቺ አራተኛዋ የሩዝ ሥራ፣ ርካሽነት፣ እዚህ ነው የምትገኘው።

አሠራሩ፦ መጀመሪያ እንደ ሰላጣ በስሱ ክተፉት። ከዚያ አዙራችሁ መልሳችሁ ክተፉት፣ ፍሬ ፍሬ እስኪል። ሽንኩርት ጥቂት አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ። ጎመኑን በኃይለኛ እሳት አገላብጡት። ሲነከስ ኮሽ የሚል መሆን አለበት። አልጫ ወጥ አናቱ ላይ አፍሱበት፤ ሥጋውም፣ ምስሩም ያርፍበታል። መረቁን አይጠጣም፤ ግን በፍሬዎቹ መሀል ይይዘዋል። ወጡን ከወትሮው ወፈር አድርጉት። ቀጭን ወጥና ጎመን አይስማሙም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልምድ የሌለው ሆድ ይነፋል። በትንሹ ጀምሩ፤ እሑድ ምሳ ላይ አማት ፊት አትጀምሩ። (ሳቅ)

ሆድ የሚሞላ ነገር ከሆነ የጎደላችሁ፣ ጎመን ብቻውን አይችለውም። በሰዓቱ ይጠግባሉ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳቦ ፍለጋ ጓዳ ይገባሉ። እዚህ ላይ እንቁላል አለ፤ አበባ ጎመኑም ጥቅል ጎመኑም ሊያልቅ ሲል ሁለት እንቁላል ሰብራችሁ ብታገላብጡበት ሌላ ምግብ ይሆናል። በጾም ደግሞ ምስር። ምስር ዝቅተኛ አይደለም፤ ልዋሻችሁ አልችልም። የበሰለ መቶ ግራም 20 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ግን ከዚያ ውስጥ 8 ግራሙ ፋይበር ነው፤ ፕሮቲኑም 9። ከሩዝ 28 ጋር አስተያዩት፣ የሩዙ ፋይበር ግማሽ ግራም አይሞላም። ስለዚህ ድፍን ምስር በጎመን ላይ፣ ጥቂት እንጀራ በጎን፤ የጾም ምሳ ይህ ነው። ተልባም አትርሱ። ተልባ ያለው ካርቦሃይድሬት ከሞላ ጎደል ፋይበር ነው። ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ በጥብጣችሁ ጎመኑ ላይ ብታፈሱት መረቅም ይሆናል፣ ሆድም ይይዛል። አያቶቻችን ፍትፍት ያደርጉት ነበር፤ እኛ ከፍትፍቱ እንጀራውን ነው የምንቀንሰው።

እንጉዳይም አለ። ጅዳ ውስጥ መሕሺ ይሠራሉ፤ ጥቅል ጎመን ቅጠል ውስጥ ሩዝና ሥጋ ጠቅልለው። እኔ ሩዙን አውጥቼ እንጉዳይ በደቃቁ ከትፌ፣ ውሃው እስኪደርቅ ጠብሼ ከሥጋው ጋር አሸሁት። እንጉዳይ ከደረቀ በኋላ የሥጋውን ስብ ይጠጣል፤ ከጠቀስኳቸው ሁሉ የሚጠጣው እሱ ብቻ ነው። ልጆቹ ሩዝ የሌለበት መሆኑን ሳያውቁ ትሪውን ጨረሱት።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሺራታኪ የሚባል ከኮንጃክ ሥር የሚሠራ የጃፓን «ሩዝ» ይልኩላችኋል። ከሞላ ጎደል ውሃና ፋይበር ነው። ከከረጢቱ ሲወጣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በደንብ ለቅልቃችሁ ደረቅ መጥበሻ ላይ አድርቁት። በደንብ አኝኩት፤ አይልምም። ከመጣ ይጠቅማል። ለእሱ ብላችሁ ግን ሻንጣ አታስጭኑ።

አንድ ሁለት ጥያቄ በወረቀት መጥቶልኛል፤ እሱን መልሼ ልቀመጥ።

«የበሰለ ሩዝ ፍሪጅ አድሮ ቢሞቅ ስኳሩ ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ጥቂቱ የማይፈጭ ይሆናል። ጥቂቱ! አብዛኛው እንዳለ ነው። ይህን ሰምተው ሁለት ሳህን የሚበሉ አሉ፤ ያ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ደግሞ ሩዝ ድስት ውስጥ ውጭ አታሳድሩ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ሲበስል አይሞትም፤ ውጭ ባደረ ሩዝ ላይ የሚተፋው መርዝ ተመልሶ ቢሞቅም አይጠፋም። ሩዝ ከበሰለ ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡ።

«ሠርግ ቤት ሩዝ ብቻ ቢቀርብስ?» ሠርግ ቤት ሩዝ ብቻ አይቀርብም፤ እኔ እኮ ነኝ የማበስለው! (ሳቅ) ጎመን አለ፣ ሰላጣ አለ፣ ጥብስ አለ። ከእነሱ ጀምሩ። አትክልቱንና ሥጋውን መጀመሪያ በልቶ ስታርቹን መጨረሻ ላይ የሚበላ ሰው፣ ያንኑ ምግብ ገልብጦ ከሚበላው ይልቅ ስኳሩ ዝቅ ብሎ እንደሚወጣ ተለክቶ ታይቷል። ሩዙ ላይ ስትደርሱ ጠግባችኋል፤ ሁለት ማንኪያ ወስዳችሁ ሙሽሮቹን መርቁ።

«ልጄ ሩዝ ካልሆነ አትበላም፤ ስኳር የለባትም፤ ልከልክላት?» አትከልክያት እናቴ። ያላመማትን ልጅ የአንቺን ምግብ አታስበያት። ከሩዟ ሩቡን አውጥተሽ በደቃቁ የተፈቀፈቀ አበባ ጎመን ወይም ካሮት ቀላቅዪበት። አንቺ ግን የተወችውን አትጨርሺ።

በሉ፣ ምጣዱ ግሏል። ሁለት ሳህን ነው የምሠራው፤ አንዱ የአበባ ጎመን ከብሳ፣ አንዱ ጥቅል ጎመን በምስር። መለኪያ የያዛችሁ አሁኑኑ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ፤ ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁ ለኩ። ወደ ምድጃው ቅረቡ፤ ዓይናቸው የደከመ እናቶች ከፊት፣ ረዣዥሞቹ ከኋላ። አንቺ ልጄ፣ ያንን መፈቅፈቂያ አቀብዪኝ።